«ቤት ለእንቦሳ» ከመባሉ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ የቆየ ቤት ገዝቶ ማደስ፦ ገንዘቡ መጀመሪያ ወዴት ይሂድ?

አዲስ ቤት የገባ ሰው ደጃፍ ላይ ሲደረስ «ቤት ለእንቦሳ!» ማለት፣ ከውስጥም «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ መመለስ የቆየ ልማድ ነው። ምርቃቱ ስለ ሶፋና ስለ መጋረጃ አያነሳም። የሚመኘው ቤቱ ጥጃ የሚታሰርበት፣ ኑሮ የሚረባበት እንዲሆን ነው። በዛሬ ጊዜ ግን ብዙ ቤት ገዢ ገንዘቡን የሚያፈሰው እንግዳ በሚያየው ሳሎን ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንግዳው ቀና ብሎ ባላየው ጣሪያ ምክንያት ያንኑ ሳሎን እንደገና ያስቀባል።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ባልና ሚስት እንውሰድ። እነዚህ ሰዎች በስም የሚጠሩ አይደሉም፤ በሐዋሳ የቆየ ቤት ገዝተው የሚያድሱትን እንዲወክሉ የታሰቡ ናቸው። እሱ መምህር ነው። እሷ መናኸሪያ አካባቢ የልብስ ሱቅ አላት። ዓመታት ኪራይ ከፍለው፣ ዕቁብ ጥለው፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድረው በኅዳር ወር ቤት ገዙ። ቤቱ ከፊት ለፊት ሳሎንና አንድ መኝታ በብሎኬት የተሠራ ነው። ከኋላ የተቀጠሉት ክፍሎች ግን እንጨትና ጭቃ ሆነው ከላይ በሲሚንቶ የተለሰኑ ናቸው። በግቢው ውስጥ ማንጎና አቮካዶ አለ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ሁለት ክፍል ሰርቪስ።

የቤቱ ዋጋ፣ የደላላው ድርሻና የስም ማዛወሪያው ከተከፈለ በኋላ እጃቸው ላይ የቀረው ገንዘብ ሁሉንም የማያዳርስ ሆነ። ባል ዓይኑ ሳሎኑ ላይ ነው።

«ለፋሲካ እማማ ይመጣሉ። ቢያንስ ሳሎኑን ቀለም አስቀብተን፣ ሴራሚክ አስነጥፈን፣ አንድ ደህና ሶፋ እናስገባ» ይላል።

ሚስት ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቢጫ ክብ እያሳየች «ሶፋው ላይ ጣሪያው ካፈሰሰስ?» ትለዋለች።

የሁለቱ ክርክር የአንድ ቤት ጉዳይ ይምሰል እንጂ ገበያውን የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ የሚሰማው ነው። ውጤቱም የቤቱን ውበት ብቻ ሳይሆን ዋጋውን ይወስናል። ሻጭ አይቶት ያለፈውን ጉድለት ቀጣዩ ገዢ አያልፈውምና።

የተገዛው ምኑ ነው?

ከመዶሻና ከብሩሽ በፊት ወረቀት ይቀድማል። በኢትዮጵያ ቤት የገዛ ሰው መሬት አልገዛም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ በውሉ የሚተላለፈው በቦታው ላይ ያረፈው ግንባታና ከእሱ ጋር የሚሄደው የመጠቀም መብት ነው።

ይህ ነገር ለሚያድስ ሰው ትርጉሙ ቀላል አይደለም። በካርታው ላይ ያልሠፈረ ቅጥያ፣ በፕላኑ ውስጥ የሌለ ሰርቪስ፣ ከወሰን ያለፈ አጥር ሁሉ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው በኋላ «አፍርስ» ሊባልባቸው የሚችሉ ናቸው። ባልና ሚስቱ የመጀመሪያውን ቀን ያሳለፉት በሜትር ነው። የካርታውን ቅጂ ይዘው ግቢውን ለኩ፤ ግድግዳዎቹን ከፕላኑ ጋር አመሳከሩ። የኋላው የጭቃ ክፍል በፕላኑ አለ። ከሁለቱ የሰርቪስ ክፍሎች አንዱ ግን የለም። በመሆኑም ለዚያ ክፍል ሥርዓቱ እስኪስተካከል ድረስ አንዲት ሚስማር ላለመምታት ተስማሙ።

ገና ያልገዛ ሰውም ከዚህ የሚወስደው አለ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መደረግ እንዳለበት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 ያዛል። በቁጥር 1723 ደግሞ እንዲህ ያለ ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል። የሻጩ ሚስት ያልፈረመችበት ወይም ወራሾች ያልተስማሙበት ውል ላይ ተመሥርቶ ሴራሚክ ማንጠፍ ለሌላ ሰው ቤት ማደስ ሊሆን ይችላል። ዕዳና እግድ መኖር አለመኖሩን፣ ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነም ያልተከፈለ ቀሪ ክፍያ መኖሩን ማጣራት ቀብድ ከመስጠት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ከተማውን ማወቅ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በያኔው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ በራስ መንገሻ ሥዩም ዘመን ተቆረቆረች። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫም ከይርጋለም ወደ እሷ ዞረ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ገና ከጅምሩ በፕላን የተቀየሰች በመሆኗ መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው።

ለቤት ገዢ ግን ከታሪኩ ይልቅ አቀማመጧ ይበልጥ ይነግረዋል። በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላ በኩል የታቦር ተራራ፣ በመሐል ሜዳ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት የለም፤ ስለዚህ ዝናብ በበዛ ዘመን ከፍ ይላል። በ1991 ዓ.ም. አካባቢ ከፍታው በጣም ጨምሮ በዳርቻው ያለውን ሰፈር እስከማስጋት ደርሶ ነበር፤ በከተማው በኩል ውኃ መከላከያ ግድብ የተሠራውም በዚህ ዓይነቱ ስጋት ነው። ወደ ሐይቁ በቀረቡ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውኃ ከላይ ስለሚገኝ እርጥበት ከመሠረት ወደ ግድግዳ ይወጣል። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ አብጦ ነጭ ጨው ካወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሌላው የስምጥ ሸለቆ ዕዳ ንዝረት ነው። ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ከተማዋ አጠገብ 4.3 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመዝግቦ ነበር። ልኩ መካከለኛ ቢሆንም ከሕንፃ ሲሸሹ የተጎዱ ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ በቆየ ቤት ውስጥ ሳሎን ለማስፋት ተብሎ ግድግዳ መናድ ባለሙያ ሳይጠየቅ የሚደፈር አይደለም። ቁም ሳጥንና ቡፌም ከግድግዳ ጋር በብሎን ቢታሰሩ ወጪው የጥቂት ብሎኖች ነው።

ጣሪያ፦ ከዘጠና ሺሕ ሊትር ጋር የሚደረግ ክርክር

ሚስት ክርክሩን የረታችው በሒሳብ ነው። በሐዋሳ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 950 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት 1 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። የቤታቸው ጣሪያ 10 በ10፣ ማለትም 100 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ በዓመት 95,000 ሊትር ውኃ በዚያ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ ውኃ የሚያርፈው የመሠረቱ ጥግ ላይ ነው። ከታች ጨው ያወጣውን ግድግዳ የሚያጠጣው ሐይቁ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ጣሪያው ጭምር ነው።

በመሆኑም የመጀመሪያው ገንዘብ ወደ ላይ ወጣ። ቆርቆሮ ሲገዛ የሚጠየቀው ጌጅ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ በጣም የሳሳ ነው። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ከሩቅ ሁለቱም አንድ ዓይነት ያበራሉ። ሙሉውን ጣሪያ መለወጥ ካልተቻለ የዛገውን ብቻ ነቅሎ መተካት፣ የላላውን ሚስማር ከነጎማው መለወጥ ይቻላል። ከቆርቆሮው በፊት ግን ከሥር ያለውን ማገርና ወራጅ ማየት ያስፈልጋል። ምስጥ የበላው እንጨት ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት አሮጌ ልብስ ላይ አዲስ እራፊ መጣፍ ነው።

ቀጥሎ አሸንዳ፣ ከአሸንዳው የሚወርድ ቱቦ፣ ከቱቦው ሥር ሮቶ። በግቢው ዙሪያም ከግድግዳው ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ መደብና ውኃውን የሚያሳልፍ ቦይ። የሮቶው ቦታ ሲመረጥ ክብደቱ መታሰብ አለበት። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ 2,000 ኪሎ፣ ማለትም 20 ኩንታል ይመዝናል። ይህን በሰርቪሱ ጣሪያ ላይ ወይም በጭቃ ግድግዳ ላይ ማስቀመጥ አደጋ ነው፤ የራሱ መቆሚያ ይሠራለታል።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጣሪያ የሚከፈተው በበጋ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ይመቻል። የበልጉ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ያልተከደነ ቤት ግን ሁለት ጊዜ ያስወጣል። ባልና ሚስቱ በኅዳር ገዝተው በታኅሣሥ ጣሪያ የጀመሩት በዚህ ስሌት ነው።

በግድግዳ ውስጥ የሚቀር ገንዘብ

ሁለተኛው ወጪ ማንም የማያየው ነው፤ ሽቦና ቧንቧ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲታሰብ ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። የድሮ ቤት ለአራት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። ለምጣድ፣ ለውኃ ማሞቂያና ለምድጃ የየራሳቸው መስመርና ብሬከር፣ ለሁሉም የመሬት መስመር ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ከልስን በፊት ካልተሠራ ግድግዳው ከተለሰነና ከተቀባ በኋላ ይቦረቦራል።

ቧንቧም እንዲሁ ነው። የዛገ የብረት ቱቦ በአዲስ ፒፒአር ሲተካ መጋጠሚያዎቹ በውኃ ግፊት ተሞክረው ነው ሴራሚክ የሚነጠፍባቸው። ባል አዲሱን የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ለማየት ቢቸኩልም፣ ቧንቧ ሠራተኛው ውኃውን ለቅቆ «አንድ ቀን ይደር» ማለቱ ጠቀመ። ጠዋት ላይ አንድ መጋጠሚያ እያንጠባጠበ ተገኘ። ሴራሚኩ ተነጥፎ ቢሆን ኖሮ ያቺ ጠብታ የምትገኘው በጎረቤት ግድግዳ በኩል ነበር።

ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ያለው ቤት የገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃ ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ብዙ ጊዜ ከዚህ ያልፋሉ። የልጆች ጥርስ የሚበልዘው በዚህ ነው። የጉድጓድ ውኃ ለልብስና ለአትክልት ይሆናል፤ ለመጠጥ ግን ሳይመረመር አይታሰብም። የመፀዳጃ ጉድጓዱም ከውኃ ጉድጓዱ በተለምዶ 30 ሜትር መራቅ እንደሚገባው ማስታወስ ይገባል። በትንሽ ግቢ ውስጥ ይህ ስለማይገኝ ጉድጓዱን ለመጠጥ አለመጠቀም ነው መፍትሔው።

ግድግዳና ወለል

የኋላው የጭቃ ክፍል የሁለቱ ሁለተኛ ክርክር ነበር። ባል «እናፍርሰው» አለ። ሚስት «በሱ ቦታ የምንሠራበትስ?» አለች። መልሱ ግንበኛው ዘንድ ነበር። ምሰሶው ያልበሰበሰ የጭቃ ቤት መፍረስ የለበትም። መጥፎው ነገር ጭቃው ሳይሆን በላዩ ላይ የተለሰነው ሲሚንቶ ነው። ጭቃ ሲረጥብና ሲደርቅ ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ውኃ ይታቆራል፤ ምስጥም ይገባል። ያበጠውን ልስን አራግፎ፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ መርጎ፣ በደንብ ካደረቁ በኋላ ኖራ መቀባት ርካሽም ዕድሜ ያለውም ነው። የዘይት ቀለም ግን እዚያ ግድግዳ ላይ አይወጣም፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋልና።

የፊተኛው ብሎኬት ቤት ችግር ሌላ ነው። በአካባቢው ብሎኬት የሚሠራው ከቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከፑሚስና ከቀዩ ጠጠር ነው። ክብደቱ ቀላል መሆኑ ጥሩ ነው። ሲሚንቶው ካነሰ ወይም በሚገባ ውኃ ካልጠጣ ግን ይፈረፈራል። አዲስ ብሎኬት የሚገዛ ሰው ጠርዙን በአውራ ጣቱ ቢያሸው ይነግረዋል።

ልስን ከተለሰነ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውኃ ይጠጣል። ከዚያም አራት ሳምንት ያህል እስኪደርቅ ይጠበቃል። የቸኮለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ስቱኮና ቀለም ያስቀባል፤ በስድስተኛው ወር ቀለሙ እንደ እባብ ቆዳ ይገፈፋል። ጥፋቱም በቀለም ፋብሪካው ይላከካል።

ለወለል ሁልጊዜ ሴራሚክ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ለኋላ ክፍሎችና ለሰርቪስ በወጉ የተሠራ ሊሾ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ጋራ ሠርተው ሴራሚኩን ለሳሎን፣ ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ማድረግ ገንዘቡን ያብቃቃል።

ገበያ ሲወጡ

ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። መጠን ግን አይለዋወጥም። ገበያ የሚወጣ ሰው የሚያዋጣው መጠኑን አውቆ መውጣት ነው።

ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2.80። የግድግዳው ዙሪያ 18 ሜትር በመሆኑ ስፋቱ 50 ካሬ ሜትር ግድም ይሆናል። በርና ሁለት መስኮት ሲቀነስ 45 ይቀራል። አንድ ሊትር ጥሩ የፕላስቲክ ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሁለት ጊዜ ለመቀባት እንግዲህ 10 ሊትር ይበቃል። ቀለም ቀቢው 20 ሊትር ከጠየቀ ወይ ስቱኮው አልተስተካከለም፣ ወይ ቀለሙ ሌላ ቤት እየቀባ ነው።

ወለሉ 20 ካሬ ሜትር ነው። 60 በ60 የሆነ አንድ ሴራሚክ 0.36 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ 56 ያህል ያስፈልጋል። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ሲጨመር 62 ይሆናል። ይህ ጭማሪ ከመጀመሪያው ግዢ ጋር አብሮ መገዛት አለበት። ስሙም ቁጥሩም አንድ የሆነ ሴራሚክ የምርት ዙሩ ከተለየ ቀለሙ በጥቂቱ ይለያል፤ ይህም በካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከሁለት ወር በኋላ «አምስት ብቻ ጎደለኝ» ብሎ የሚመለስ ሰው ወይ አያገኝም፣ ወይ የሚለይ ይገዛል።

ሐዋሳ ታቦር ሴራሚክ የሚባል ፋብሪካ ያየች ከተማ ናት። ይሁንና በሱቆች የሚታየው የማጠናቀቂያ ዕቃ በብዛት ከውጭ የሚገባ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ይሄዳል። የቆዩ ነጋዴዎች በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲዘል ገበያው የሆነውን ያስታውሳሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቤት የሚያድስ ሰው ከዚህ የሚማረው ነገር አለ። የውጭ ዕቃ የሆነውንና መጠኑ በትክክል የታወቀውን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሽቦን፣ ብሬከርን፣ ቧንቧንና ሴራሚክን፣ ገንዘቡ እጅ ላይ እያለ አንድ ጊዜ መግዛት ይሻላል። አሸዋ፣ ጠጠርና ብሎኬት ግን ሥራው ሲደርስ ይገዛሉ። ሲሚንቶም ቀድሞ ተገዝቶ አይከማችም። እርጥበት ባለበት ቤት ውስጥ ወለል ላይ የተደረደረ ሲሚንቶ በጥቂት ወራት ይጓጉላል።

የእጅ ዋጋ

ሠራተኛ በቀን ይያዝ ወይስ በካሬ ሜትር? ይህ እንደ ሥራው ነው። ልስን፣ ሴራሚክና ቀለም የሚለኩ ሥራዎች በመሆናቸው በካሬ መስጠት ይቀላል። የተደበቀ ጉድለት ያለበት ሥራ፣ ለምሳሌ የአሮጌ ጣሪያ ጥገና፣ በካሬ ከተሰጠ ሠራተኛው ይቸኩላል። እንዲህ ያለውን በቀን አሠርቶ አብሮ መዋል ይሻላል።

ሚስት ከሱቋ ያመጣችው ልማድ እዚህ ጠቀመ። አንድ ደብተር ገዝታ በግራ ገጽ የገባውን ዕቃ፣ በቀኝ የተሠራውን ሥራ ጻፈች። ለሳኙ ቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቅ «እትዬ፣ ግማሹን ቢሰጡኝ» አላት። እሷም «ወንድሜ፣ የተለሰነውን ለክተን የዚያን እከፍልሃለሁ» ብላ መለሰችለት። ሥራው በአራት ከተከፈለ ክፍያውም በአራት ይከፈላል። የመጨረሻው አንድ እጅ የሚከፈለው ጉድለቱ ተስተካክሎ ሲያልቅ ነው። ይህ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሁለቱ ወገኖች ከፈረሙበት ጠብ አይኖርም።

እነሱ የቀረውን ገንዘብ አሥር ቦታ ከፈሉት። ሦስት እጅ ለጣሪያ፣ ለአሸንዳና ለውኃ መውረጃ፤ ሁለት እጅ ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ፤ ሦስት እጅ ለግድግዳና ለወለል፤ አንድ እጅ ለማስዋብ፤ አንድ እጅ ሳይነካ ለድንገተኛ። ድንገተኛው አንድ እጅ ለመቀመጥ አልታደለም። ኮርኒሱ ሲነሳ ምስጥ የበላው ሁለት ወራጅ ተገኘና እሱው ላይ ዋለ።

በአንድ እጅ ገንዘብ ማስዋብ

ለማስዋብ የቀረው ከአሥር አንድ እጅ መሆኑ ባልን አላስደሰተውም። ነገር ግን ትንሽ ገንዘብ ማስተዋልን ያመጣል። ሐዋሳ ሞቃትና ብርሃናማ ከተማ ናት፤ ከባድ ጥቁር መጋረጃና በወርቅ ቀለም የተለበጠ ሶፋ ቤቱን ያጨልመዋል፤ ያሞቀዋልም። ነጣ ያለ ግድግዳ፣ በመስኮት ስስ የሸማ መጋረጃ፣ በትይዩ የሚከፈቱ ሁለት መስኮቶች ከማራገቢያ ይቀድማሉ። የመስኮት ወንፊትም ከጌጥ ይቆጠር። ሐይቅ ያለበት ከተማ ትንኝ አያጣም።

የዶርዜ ሸማኔ ሥራ ለመጋረጃና ለትራስ ልብስ ይሆናል። የሲዳማ ሰው ቤቱን በቀርከሃ ሸምኖ መሥራት ያውቅበታል፤ ከዚሁ ከደጋው ቀርከሃ የሚሠራ ወንበርና መደርደሪያ ከውጭ የመጣ የተጣበቀ ፓነል እርጥበት ሲነካው እንደሚያብጠው አያብጥም። እናት የሰፉት ሰፌድና ሞሶብ ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ከተገዛ ሥዕል ይልቅ ስለ ቤቱ ባለቤቶች ይናገራሉ። ሶፋው? ሶፋው ለሌላ ዓመት ተላለፈ። የድሮው ወንበር ልብሱ ተለውጦ ተመለሰ።

ማንጎና አቮካዶውም ሊቆረጡ ነበር፤ «ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል» ተብሎ። በመጨረሻ ወደ ጣሪያው የዘነበለው ቅርንጫፍ ብቻ ተቆረጠ። ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ያለበት ግቢ ለገዢ ዓይን ይሞላል፤ ያንን ጥላ በገንዘብ ለመተካት ግን አሥር ዓመት ይጠይቃል።

ኪራይን ሲያስቡ

የሰርቪሱን ክፍል አከራይቶ ዕዳ መክፈል የብዙ ገዢ ስሌት ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅና ሠራተኞች ወደ ከተማው ሲጎርፉ አንድ ክፍል ፈላጊ በዝቶ ነበር። ይሁንና በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ስትታገድ ለዚያ ገበያ ያመርቱ የነበሩ ፋብሪካዎች ተጎዱ። ሠራተኛም ቀነሱ። ሥራ የሌለው ደግሞ ቤት አይከራይም። ስለዚህ የዕዳ ክፍያን ሙሉ በሙሉ በሰርቪስ ኪራይ ላይ ማንጠልጠል አያዋጣም። ባልና ሚስቱ በፕላን ያለውን አንዱን ክፍል ሊሾና ኖራ አድርገው ለማከራየት አዘጋጁ፤ ገቢውን ግን ለዕዳ ሳይሆን ለቤቱ ጥገና መደቡት። ኪራዩ ቢቀር ዕዳው አይናወጥም፤ ኪራዩ ቢመጣ ጣሪያው ይጠበቃል።

ፋሲካ

ፋሲካ ሲደርስ ሳሎኑ አላለቀም ነበር። ሴራሚኩ ተነጥፏል፣ ልስኑ ግን ገና እየደረቀ ነው፤ ቀለም የለም። ባል አማቱን በግራጫ ግድግዳ መቀበሉ አሳፍሮታል።

በዓሉ ዋዜማ ማታ የበልጉ ዝናብ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ እየደበደበ ግማሽ ሌሊት ዘነበ። ባል ሁለት ጊዜ ተነስቶ ባትሪ ይዞ ኮርኒሱን አየ። ቢጫው ክብ የነበረበት ቦታ ደረቅ ነው። ከውጭ ውኃው በአሸንዳው ተንዶልዱሎ ሮቶው ውስጥ ሲገባ ይሰማል። የመሠረቱ ጥግም ደርቆ አደረ።

ጠዋት እናት በዳቦና በጠላ መጡ። ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩና ግራጫውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት። «ደረቅ ነው» አሉ። ወደ ደጃፉ ተመልሰው ወጥተውም «ቤት ለእንቦሳ!» ብለው እንደ አዲስ ገቡ።

«እንቦሳ እሰሩ!» አላቸው አማቻቸው። ቀለሙን ያስቀባው በግንቦት ነው፤ 10 ሊትር ነው የፈጀው።